እንግሊዝኛው አልገባኝም ያሉት መምህር

ቲቸር አጵሎስን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሆመቾ ገበያ ላይ ጥቂት ጊዜ ሰላም ተባብለናል። አንድ ቀን ደግሞ ከሆሳዕና ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስክንወርድ ድረስ ስለ ዝናብ ብቻ አወራን። ስለ እሳቸው የምጽፈውን አብዛኛውን የሰማሁት ከወንድማቸው ልጅ ከሐዳሳ ነው። እሷ ያላየችውን እኔም አላየሁትም፤ እሷ መልስ ያጣችበት ቦታ ላይ እኔም እቆማለሁ።

ሐዳሳ አባቷ ሲሞት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው የአባት ቃል ማለት የአጎቷ የቲቸር አጵሎስ ቃል ነው። እንሰቱ የሚነቀለው እሳቸው ሲሉ ነው፤ ጥጃው የሚሸጠው እሳቸው ሲሉ ነው። እናቷ ገነቴ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ሞርሲቶ ልትሄድ ስትነሳ እንኳ «እስቲ አጵሎስን ልጠይቅ» ትላለች። ሰውየው ግን ቁጡ አልነበሩም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ከፍ የሚለው ክፍል ሲገቡ ብቻ ነበር።

ከሆመቾ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። በዚያ አካባቢ ያሉት ነርሶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ጸሐፊዎች፣ ግማሾቹ በእሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ሁሉም የማይረሱት አንድ ምዕራፍ አለ፤ አድጀክቲቭ ክሎዝ የሚባለው። ያን ምዕራፍ ሲጀምሩ ቲቸር መጽሐፍ አያስገልጡም። አንድ ተማሪ ጠርተው ሰሌዳው ፊት ያቆሙታል።

«በእኛ አፍ» ይላሉ፣ «በሀዲይኛም ሆነ በአማርኛ፣ ሰውየው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ‹ትናንት ከአንጋጫ ድንች ጭኖ የመጣው፣ ሚስቱ የታመመችበት፣ በቅሎው የጠፋችበት› እያልን እንቆያለን። ሰሚው ‹ማን ነው እሱ?› እያለ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በመጨረሻ ‹ሰውዬ› እንላለን። እንግሊዝ ግን አይታገስም። መጀመሪያ ሰውየውን ራቁቱን ያቆመዋል፤ ከዚያ ያለብሰዋል። ‹ሁ› ሸሚዙ ነው። ‹ሁዝ› ኮቱ ነው። ‹ሁም› ጫማው ነው። በሉ ይሄን ልጅ አልብሱት፣ ብርድ መታው!»

ክፍሉ ይንጫጫል። አንዱ «ዛሬ ያረፈደው» ብሎ ሸሚዙን ያለብሰዋል። ሌላዋ «እናቱ ቡላ የምትሸጠው» ብላ ኮት ትደርብለታለች። ከኋላ ወንበር አንዱ «ካልሲው የሚሸተው» ሲል ሳቁ ጣሪያ ይነካል። ቲቸርም አብረው ይስቃሉ።

«ልክ ነው፣ ካልሲውም በ‹ሁዝ› ነው። የሚሸት ነገር ሁሉ ባለቤት አለው።»

የሐዳሳ ታላቅ ወንድም ነህምያ በዚያ ክፍል ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያወጣ ልጅ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግን ጣለው። እሱን ብቻም አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቱ ያለፉት የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም። በእኛ አካባቢ ደግሞ ፈተና የጣለው ልጅ ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ አንዱ ባጃጅ፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ። ነህምያ ባጃጅ አልፈልግም አለ።

ገነቴ እምቢ አለች። «ለመንገድ ጅብ አልወለድኩትም» አለች። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ጎረቤት ተሰብስቦ ቢለምናት፣ ልጆቹን የሚያሻግረው ደላላ ራሱ መጥቶ ቢምል ቢገዘት አንገቷን አላቀናችም። በአራተኛው ቀን ቲቸር አጵሎስ መጡ። ከልጁ ጋር ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ብዙ ካወሩ በኋላ ገብተው ተቀመጡ።

«ገነቴ፣ ልጁ ቋንቋ አለው» አሉ። «ቋንቋ ያለው ሰው መንገድ አይጠፋውም። ጠይቆ ይሄዳል። ቢያዝም ተናግሮ ይወጣል።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ካንተ ወዲያ ማንን ልስማ» አለችና ተነስታ እሳቱን አቀጣጠለች። በሽኝቱ ቀን እጃቸውን ነህምያ ራስ ላይ ጭነው «ውጣ፣ ግባ፤ እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ ሄደህ አትቅር» ብለው የመረቁት እሳቸው ናቸው። ሐዳሳ አጠገባቸው ቆማ አሜን ብላለች።

ነህምያ ከሞያሌ ደወለ። ከናይሮቢ ደወለ። ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ነገ እንነሳለን» አለ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ዝም አለ።

በአምስተኛው ወር አንድ ወረቀት መጣ። የመጣው በአጥቢያው ፓስተር በብዙነህ ስልክ ነው። ፓስተሩ ለሚሄዱት ልጆች ሁሉ የስልኩን ቁጥር የጻፈበት ትንሽ አዲስ ኪዳን ይሰጥ ነበር። ከማላዊ ድንበር አጠገብ ያለ ሆስፒታል፣ የሞተ ልጅ ኪስ ውስጥ ያን አዲስ ኪዳን አግኝቶ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ላከለት። ፓስተሩ ሆሳዕና ወስዶ ፕሪንት አስደረገው። ከአጥቢያው ከሄዱት ልጆች በዚያን ሰሞን ወሬያቸው የጠፋው ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ነህምያ ነው። ፓስተሩ ትንሽ ትንሽ እንግሊዝኛ ያነብ ነበር። ሁለት መስመር ሄዶ ሦስተኛው ላይ ፈራና አጠፈው።

የፈራው ወዶ አይደለም። መርዶ እንደ ወሬ ከአገኘው አፍ አይወጣም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ ቤቱ ይኬዳል፤ ቃሉን የሚናገረውም ለሟች ቤት የቅርብ የሆነ፣ የተከበረ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ተማክረው «ወረቀቱ ፈረንጅኛ ነው፤ ሥጋ ዘመዱም መምህሩ ነው፤ ለቲቸር ይሰጥ» አሉ። እንዲያ ሲወስኑ መርዶው የነህምያ ይሁን አይሁን ገና የሚያውቅ አልነበረም። ቲቸርም ወረቀቱን ያዩት እዚያው፣ ገነቴ ቤት ውስጥ ነው።

ገነቴ ጋቢ የለበሱ ወንዶች በዚያ ሰዓት ተከታትለው ሲገቡ ስታይ ሄዳ የቤቱን ምሰሶ አቀፈችው። ሐዳሳ በዚያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች። የጓዳው በር ላይ ቆማ የአጎቷን ፊት ታይ ነበር። ቲቸር መነጽራቸውን አደረጉ። አንድ ሰው በስልኩ መብራት አበራላቸው። አነበቡ። ገጹ አጭር ነው፤ እሳቸው ግን ብዙ ቆዩ። ሲጨርሱ እንደገና ከላይ ጀመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን ለአራት አጠፉት።

«አይደለም» አሉ።

ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት።

«የእኛ ልጅ አይደለም። ልብሱን ብቻ ነው የሚለው። ሰማያዊ ጃኬት ይላል። ሰማያዊ ጃኬት የሌለው ማን አለ?»

«ምልክት አይልም?» አለች ገነቴ ከምሰሶው ሳትላቀቅ።

«አይልም።»

«ክንዱን አይልም?»

«አይልም አልኩሽ፣ ገነቴ።»

ነህምያ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሀዲያ አዲስ ዓመት በያሆዴ ዋዜማ፣ ለበዓሉ ምግብ ለአተካናው የተነጠረ ትኩስ ቅቤ የግራ ክንዱ ላይ ፈስሶበት ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር። ድስቱን ያወረደችው ገነቴ ናት። ያን ክንድ አሥራ አምስት ዓመት ባየችው ቁጥር ራሷን ስትረግም ኖራለች።

ፓስተር ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለማንኛውም ሆሳዕና ወስደን አንድ ሰው ቢደግመው…» ሲል አንድ ሽማግሌ አቋረጠው።

«ምን ነካህ ፓስተር? ቲቸር ካነበበው በኋላ ማን ነው የሚያነበው? አንተን ራስህን ኤቢሲዲ ያስቆጠረህ እሱ አይደለም?»

ሁሉም ሳቁ። ከጭንቅ የወጣ ሰው ሳቅ ነበር። ገነቴ ምሰሶውን ለቃ እልል አለች። መርዶ ሊያረዱ የመጡት ሰዎች ቆጮ በአይብ በልተው ሄዱ። ወረቀቱ ቲቸር ኪስ ውስጥ ቀረ። የሁለቱ ሌሎች ልጆች ቤተሰቦች ሲጠየቁም፣ የተነገራቸው ጃኬት ብቻ ስለሆነ «የእኔ ነው» ያለ አልተገኘም።

ከሦስት ወር በኋላ ከሁለቱ አንዱ ደወለ። ቆይቶ ሌላውም ደወለ። ነህምያ ብቻ ቀረ። ጎረቤቱ ይህን ቆጥሮ ገነቴን ሲያይ አንገቱን ይሰብር ጀመር፤ እሷ ግን የአጵሎስን ቃል ይዛለች። ሞርሲቶ ጉባኤ ላይ አንድ ነቢይ «እስር ቤት ውስጥ አየዋለሁ፤ በሩ ሲከፈት አየዋለሁ» አላት። ለያሆዴ የነህምያን ድርሻ ሥጋ ለብቻው አስቀመጠች፤ እስኪበላሽ ድረስ የሚነካው አልነበረም። ቲቸር አጵሎስ እንደ ድሮው ቤት መግባት ተዉ። ሲመጡም ደጃፍ ላይ ቆመው «ደህና ናችሁ?» ብለው ይመለሳሉ።

በዚያው ዓመት ሐዳሳ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባችና የአጎቷ ተማሪ ሆነች። አድጀክቲቭ ክሎዝ ላይ ሲደርሱ ክፍሉ በሙሉ ተነቃቅቶ ጠበቀ። ቲቸር ግን ማንንም አላቆሙም። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ዓረፍተ ነገር ይጽፉ ጀመር።

«ቲቸር፣ ዘንድሮ ሰው አናለብስም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ዘንድሮ ሰሌዳ ላይ ነው» አሉ ሳይዞሩ።

የቤት ሥራ ሲያርሙ ለሌላው አንድ ጊዜ አርመው ያልፋሉ፤ ሐዳሳን ግን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ያስደግሟታል። ጓደኞቿ «ዘመድ ሲጠላ እንዲህ ነው» ይሏት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ በዚያ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሳትደናቀፍ የምታነብ እሷ ብቻ ነበረች።

ወረቀቱ ከመጣ በአሥራ አራተኛው ወር አቤሴሎም የሚባል የአንጋጫ ልጅ ከመንገድ ተይዞ፣ ታስሮ፣ በአውሮፕላን ተመልሶ መጣ። አንድ ቅዳሜ ሆመቾ ገበያ ላይ «ክንዱ የተቃጠለ ልጅ የሄደበት ቤት የቱ ነው?» እያለ ጠየቀ። ሰው እየመራ ገነቴ ደጅ አደረሰው።

«በመንገድ ላይ ስም አይጠራም፣ እማማ» አላት። «እኔን አንጋጫ፣ እሱን ሆመቾ ነበር የሚሉን። ታመመና ሆስፒታል በር ላይ ጥለነው ሸሸን። እኔ ግን ተመልሼ ገብቼ ነበር። ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ። ለነርሷ ክንዱን ገልጬ ‹ይህን ጻፊ፣ እናቱ በዚህ ታውቀዋለች› ያልኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱ አልደረሳችሁም?»

ገነቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ሠላሳ ቀን ነው የሰጡት። የሚጠይቅ ከጠፋ ማዘጋጃ ቤቱ ከሌሎቹ ጋር ይቀብራል።»

«የት?»

«ቦታውን እኔም አላውቅም። ቁጥር ነው የሚያደርጉበት እንጂ ስም የለውም፣ እማማ።»

ለቅሶው አሥራ አራት ወር ዘግይቶ ተጀመረ። ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰቡ፤ ቲቸር አጵሎስም ተጠሩ። ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ሐዳሳም እናቷን ደግፋ እዚያ ነበረች። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ነው። አንብቦ የተሳሳተ ሰው ይቅር ይባላል። መርዶ የደበቀ ግን፣ ያውም እናት ልጇን አምጥታ እንዳትቀብር ያደረገ፣ ከዕድር ይወጣል፤ የራሱ ሬሳ እንኳ ተሸካሚ አያገኝም።

«ቲቸር» አለ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ «ወረቀቱ ክንዱን ይላል አሉ።»

«ይል ይሆናል» አሉ ቲቸር ተነስተው። «እንግሊዝኛው አልገባኝም።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት አስተምረህ?»

«አልገባኝም።»

«ልጆቻችንን ምን ስታስተምር ኖርክ ታዲያ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ቲቸር ከሹራባቸው ውስጥ ወረቀቱን አውጥተው ለገነቴ ሰጧት። ገነቴ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ «ተዉት» አለች። «የማያውቅ ሰው ምን ይደረጋል? ይቅር ብዬዋለሁ።» ከጓደኞቿ አንዷ «አንቺ ሴት፣ ልብሽ ከምን ተሠራ?» አለቻት። ሐዳሳ ያን ይቅርታ እንደ ጥፊ ሲቀበሉ አይታቸዋለች።

ሳምንት ሳይሞላ ቃሉ ከተማውን አዳረሰ። ባጃጆቹ ሲያልፏቸው ጡሩምባ እየነፉ «ቲቸር አልገባኝም! ሰላም ነው?» ይላሉ። ክፍል ውስጥ ገና «ጉድ ሞርኒንግ» ከማለታቸው አሥር እጅ ይወጣል፤ «ቲቸር፣ አልገባኝም!» ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሳቸው ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቁና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ቀጥሎ ወላጆች ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ኃይሉ ሄዱ። ኃይሉ አባቱ ከጎጃም በፖሊስነት መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ሆመቾ ተወልዶ ያደገ፣ እሱም የቲቸር ተማሪ የነበረ ሰው ነው። በቢሮው መስኮት በኩል ሲነጋገሩ ሐዳሳ ከውጭ ሰምታለች።

«ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አውቃለሁ» አለ ኃይሉ። «ያን ወረቀት እኔም አነበዋለሁ፤ እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? ‹ገብቶኝ ነበር› የምትል አንዲት ቃል ይስጡኝና ወላጆቹን ዝም ላሰኝ።»

«ቃሏ ዕድር ትደርሳለች።»

«ትደርሳለች። ግን መምህር ነዎት፤ ‹አልገባኝም› ብለው ከዚህ በኋላ ክፍል እንዴት ይገባሉ?»

«አልገባኝም ብያለሁ፣ ኃይሉ።»

«ቤተ መጻሕፍት ነው የምመድብዎ እንግዲህ።»

«እሺ።»

ክፍሉን ተነጠቁ። ከሆሳዕና የመጣ አንድ ወጣት መምህር ተተካ፤ አድጀክቲቭ ክሎዝን በአንድ ክፍለ ጊዜ ደንቡን አስጽፎ ጨረሰው ይላሉ።

ወረቀቱ ገነቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከነህምያ ፎቶ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሐዳሳ ብዙ ጊዜ ከፍታ አይታው ዘግታዋለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ግን አውጥታ ደረቷ ላይ ደብቃ ጓሮ ሄደች። እንሰቱ ሥር ተቀምጣ አነበበችው። አልከበዳትም። መጀመሪያ አንድ ወጣት ወንድ ቆሟል። ከዚያ አንድ በአንድ ይለብሳል፤ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ፣ ቁመቱ እንዲህ የሆነ፣ የግራ ክንዱ ከአንጓው እስከ ክርኑ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት። ከሥሩ ሠላሳ ቀን ይላል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የማያውቀው ቃል ከሁለት አይበልጥም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገባች። ቲቸር የተገነጠሉ መጻሕፍት በማጣበቂያ ይለጥፋሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አዩት፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«አንብቢው» አሉ።

ቆማ አነበበች። ክንዱ ጋ ስትደርስ ቃሉን አበላሸችው።

«‹ሁዝ›» አሉ ቀስ ብለው። «ወደ ውስጥ አትዋጪው። ድገሚ።»

ደገመች። እስከ መጨረሻው ሄደች።

«ጥሩ ታነቢያለሽ።»

«ገብቶዎት ነበር» አለች ሐዳሳ።

አልካዱም። ማጣበቂያውን ከደኑት።

«እናቴ ይቅር ያለችው ያልገባዎት መስሏት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልንገራት?»

«እናትሽ ናት። አፍሽን አልይዝም።»

ወረቀቱን አላነሳችውም። ልትጠይቅ የመጣችው ይህን አልነበረም፤ ይህንማ ትናንት እንሰቱ ሥር ጨርሳዋለች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ አጎቴ። ያን ቀን ‹አይልም› ያሉት ምሰሶውን ይዛ ሲያዩዋት እናቴ አሳዝናዎት ነው? ወይስ ‹ሂድ› ብለው የመረቁት እርስዎ ስለሆኑ ለራስዎ ፈርተው?»

ቲቸር አጵሎስ ወረቀቱን በመጣበት መስመር ለአራት አጠፉትና ወደ እሷ ገፉት።

«ይህን አልመልስልሽም» አሉ።